ብረቱ ዝም ሲል ሰው ያወራል፦ የኒውክሌር ሰርጓጅ መርከቦች ድብብቆሽና ስለላ

በፌብሩዋሪ 2009 መጀመሪያ፣ በሌሊት፣ በአትላንቲክ ውቅያኖስ ውስጥ ሁለት የኒውክሌር ሰርጓጅ መርከቦች ተጋጩ (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው)። አንደኛው የብሪታኒያው ቫንጋርድ፣ ሌላው የፈረንሳዩ ለ ትሪዮምፋን ነበር። ሁለቱም ርዝመታቸው ከ130 ሜትር ይበልጣል፤ ሁለቱም የኒውክሌር ሚሳኤል ተሸካሚ ናቸው፤ ባለቤቶቻቸውም የአንድ ጦር ቃል ኪዳን አባላት ናቸው። የፈረንሳይ ባሕር ኃይል መጀመሪያ ላይ የገለጸው መርከቡ ከውኃ ውስጥ አንድ ነገር፣ ምናልባትም ከጭነት መርከብ የወደቀ ኮንቴይነር፣ እንደገጨ ነበር። እውነቱ የታወቀው ከቀናት በኋላ ጉዳዩ ጋዜጣ ላይ ሲወጣ ነው። በዓለም ካሉት እጅግ የረቀቁ የማዳመጫ መሣሪያዎች የተገጠሙላቸው ሁለት መርከቦች እስኪላተሙ ድረስ አንዱ ሌላውን አልሰማም። ይህ አደጋ የድምፅ ማጥፊያ ቴክኖሎጂው የደረሰበትን ደረጃ ለማሳየት በተደጋጋሚ ይጠቀሳል፤ ያለ አግባብም አይደለም። እኔ ግን የማነሣው ለሌላ ክርክር ነው። ባለፉት ሰባ ዓመታት ስለ ሰርጓጅ መርከቦች በይፋ የታወቀውን ሰብስቦ ለመረመረ ሰው አንድ ነገር ጎልቶ ይታየዋል፦ ባሕሩ የተሰጠውን ምስጢር በአብዛኛው ጠብቋል፤ ምስጢሩን ያባከነው የብሱ ነው። ሶናር ከሚባለው የድምፅ መፈለጊያ ይልቅ ዕዳ ያስጨነቀው ሠራተኛ፣ ከሳተላይት ይልቅ ትርፍ ያጓጓው ነጋዴ የከፋ ጉዳት አድርሷል።

መነሻው ፊዚክስ ነው። ጨዋማ ውኃ የሬዲዮ ሞገድን ስለሚውጥ ራዳር ከውኃው ገጽ በታች ዕውር ነው። ብርሃንም ጥቂት መቶ ሜትር ሳይዘልቅ ይጠፋል። ድምፅ ግን በውኃ ውስጥ በሰከንድ 1,500 ሜትር ገደማ ይጓዛል፤ ይህም በአየር ውስጥ ካለው ፍጥነቱ ከአራት እጥፍ በላይ ነው፤ ሁኔታው ከተመቻቸለትም በሺህ የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ያቋርጣል። ስለዚህ ከባሕር በታች ያለው ፍልሚያ የጆሮ ፍልሚያ ነው። ይሁንና ውኃው ድምፅን ቀጥ አድርጎ አያሳልፍም። የሙቀቱ፣ የጨዉና የግፊቱ መጠን በተለወጠ ቁጥር የድምፁ መንገድ ይታጠፋል፤ ሞቃቱ የላይኛው ውኃ ከቀዝቃዛው ጋር ከሚገናኝበት ንብርብር ሥር የገባ መርከብ ከላይ ሆኖ ለሚያዳምጠው የሌለ ያህል ነው። የኒውክሌር ኃይል የመጣው በዚህ ላይ ተጨማሪ ሆኖ ነው። ናፍጣ የሚያነድ ሰርጓጅ ባትሪውን ለመሙላት አየር ስለሚያስፈልገው በየጊዜው ወደ ላይ ብቅ ማለት ግድ ይሆንበታል፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ብዙ የጀርመን ሰርጓጆች ለአውሮፕላን የተጋለጡት በዚሁ ሰዓት ነበር። በአድሚራል ሃይማን ሪኮቨር ግፊት የተሠራው የአሜሪካው ኖቲለስ በጃንዋሪ 1955 በኒውክሌር ኃይል መጓዝ ሲጀምር ይህ ግዴታ ቀረ። በኦገስት 1958 መርከቡ ከበረዶው ሥር ተጉዞ ሰሜን ዋልታን አለፈ። ከዚያ ወዲህ የጉዞውን ርዝመት የሚወስነው ነዳጅ መሆኑ ቀርቶ የሠራተኞቹ ስንቅና ትዕግሥት ሆነ።

የኒውክሌር ኃይል ግን የራሱን ጣጣ ይዞ መጣ። በባትሪ የሚሄድ የናፍጣ ሰርጓጅ ሞተሩን አጥፍቶ እንደቆመ መኪና ነው፤ የኒውክሌሩ ደግሞ ቆሞም ሞተሩ የማይጠፋ መኪና ነው። ሪአክተሩ ሙቀቱን ያለማቋረጥ ማስወገድ አለበት። የማቀዝቀዣውን ውኃ የሚያዘዋውሩት ፓምፖች ይንጫጫሉ፤ እንፋሎት የሚያሽከረክረው ተርባይን ያፏጫል፤ የተርባይኑን ፈጣን ዙር ለፕሮፔለሩ ወደሚስማማ ዝግተኛ ዙር የሚያወርዱት ትላልቅ ማርሾች ይፋጫሉ፤ ፕሮፔለሩም በፍጥነት ሲሽከረከር በምላጮቹ ጫፍ የሚፈጠሩት አረፋዎች እየፈነዱ ይጮኻሉ። እያንዳንዱ ድምፅ የራሱ ድግግሞሽ ስላለው የሠለጠነ አዳማጭ የመርከቡን መኖር ብቻ ሳይሆን የማን እንደሆነና በምን ፍጥነት እንደሚሄድ ይለያል። የአሜሪካ መርከቦች የኤሌክትሪክ ሥርዓት በሰከንድ 60 ዑደት፣ የሶቪየቶቹ ግን 50 ዑደት ይሠራ ነበር (እኛም ቤት የሚገባው መብራት ባለ 50 ነው)፤ በወረቀት ላይ በሚታተመው የድምፅ ሥዕል ውስጥ ከ50 ቁጥር አጠገብ የቆመች አንዲት ቀጭን መስመር የመርከቡን ዜግነት ታሳብቅ ነበር። አሜሪካ በ1950ዎቹ መጀመሪያ ሶሰስ የተባለውን የማዳመጫ መረብ መዘርጋት የጀመረችው ሰርጓጆችን በድምፃቸው ከሩቅ ለመለየት ነው፤ በውቅያኖሱ ወለል ላይ የተደረደሩ ሃይድሮፎኖች (የውኃ ውስጥ ማይክሮፎኖች) በገመድ አማካይነት የብስ ላይ ካሉ ጣቢያዎች ጋር ይገናኛሉ። በ1961 መረቡ የአሜሪካን የራሷን ባለ ሚሳኤል ሰርጓጅ፣ ጆርጅ ዋሽንግተንን፣ አትላንቲክን ሲሻገር ተከታተለው፤ በቀጣዩ ዓመት የሶቪየት ሰርጓጆችን መለየት ጀመረ። የመረቡ መኖር በይፋ የተገለጸው በ1991 ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው የምህንድስና ታሪክ ድምፅን ከምንጩ የማድረቅ ታሪክ ነው። ማሽኖቹ ከመርከቡ አካል ጋር በቀጥታ እንዳይነካኩ በጎማና በሞላ ላይ በተቀመጠ መድረክ ላይ ይታሰራሉ፤ ንዝረታቸውም እዚያው ይቀራል። በ1969 አገልግሎት የጀመረው የአሜሪካው ናርዋል ሪአክተሩን በዝግታ ሲጓዝ ያለ ፓምፕ ማቀዝቀዝ ይችል ነበር፤ ውኃው ሲሞቅ ወደ ላይ ሲቀዘቅዝ ወደ ታች የሚያደርገው የተፈጥሮ ዝውውር ይበቃዋል። ከዋነኞቹ የጫጫታ ምንጮች አንዱ በዚህ ተዘጋ። ፈረንሳዮቹ በለ ትሪዮምፋን ላይ ማርሹን አስወጥተው ተርባይኑ ኤሌክትሪክ እንዲያመነጭ፣ ፕሮፔለሩን ደግሞ የኤሌክትሪክ ሞተር እንዲያዞረው አደረጉ፤ አሜሪካኖቹም አሁን በሚሠሩት የኮሎምቢያ መደብ ወደዚያው መንገድ መጥተዋል። ብሪታኒያ በ1970ዎቹ በስዊፍትሹር መደብ መርከቦቿ ላይ ፕሮፔለሩን በቱቦ የሚከልለውን ፓምፕጄት ገጠመች። ቅርፊቱን የሚያለብሱት የጎማ ንጣፎች እንደሚባለው የዘመናችን ፈጠራ አይደሉም፤ ጀርመኖች በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዩ-480 የተባለውን ሰርጓጅ አልብሰውት ነበር። ከውጭ የሚመጣውን የሶናር ምት ይመጥጣሉ፤ ከውስጥ የሚወጣውንም ያፍናሉ። ይህ ሁሉ ተደምሮ ዘመናዊ ሰርጓጅ በዝግታ ሲጓዝ የሚያሰማው ድምፅ ከማዕበሉ፣ ከዝናቡ፣ ከባሕር እንስሳቱና ከንግድ መርከቦቹ ጫጫታ ሥር ሊወርድ ይችላል። ማሽኑ እዚህ ከደረሰ በኋላ የሚቀረው አደጋ ሰው ነው፤ ከእጅ ያመለጠ የብረት መፍቻ ወይም ተወርውሮ የተዘጋ በር የቢሊዮን ዶላሮቹን ሥራ ለማበላሸት ይበቃል።

እዚህ ላይ ብዙዎች ዘለው የሚያልፉት ቅራኔ አለ። መደበቅና መሰለል አንድ ሙያ አይደሉም። ባለስቲክ ሚሳኤል የተሸከመው መርከብ ሥራው መጥፋት ነው፤ ሰፊና ጥልቅ ባሕር ውስጥ ገብቶ፣ በዝግታ እየተንቀሳቀሰ፣ ማንንም ሳይቀርብ ወራት ያሳልፋል፤ መልእክት ይቀበላል እንጂ አይልክም። ሰላዩ ግን መቅረብ አለበት። ወደ ባላንጣው ወደብ፣ ጥልቀት ወደሌለው ባሕር፣ ወደ ሚሳኤል መሞከሪያ ቀጠና ይጠጋል፤ አንቴናውን ለአፍታ ከውኃው ገጽ በላይ ያወጣል፤ ወይም የሌላውን ሰርጓጅ ጅራት ተከትሎ ለሳምንታት ይቆያል። ለመጀመሪያው መደበቅ ራሱ ግብ ነው፤ ለሁለተኛው ግን ጥቂት በጥቂት እየተመነዘረ መረጃ የሚሸመትበት ሀብት ነው። ይህ ልዩነት ከታች ለሚመጡት ክርክሮች ሁሉ ቁልፍ ስለሆነ አንባቢ ይዞልኝ ይቆይ።

ለመሆኑ ይህን ያህል መቅረብ ለምን አስፈለገ? የየብስ ጆሮዎች የማይደርሱበት ቦታ ስለነበረ ነው። አሜሪካ በቀዝቃዛው ጦርነት ዘመን የሬዲዮ መልእክት የምትጠልፍባቸው ጣቢያዎች በየአህጉሩ ነበሯት፤ ከነዚህ አንዱ ያኔ የኢትዮጵያ አካል በነበረችው አሥመራ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ እስከ 1977 የሠራው የቃኘው ጣቢያ ነው። ቃኘው የሚሰማው ግን በአየር የሚያልፈውን ነው። የሶቪየት አድሚራሎች በባሕር ወለል ላይ በተዘረጋ የስልክ ገመድ ሲነጋገሩ ቃኘውም ሳተላይትም ምንም ሊፈይዱ አይችሉም። በኦሆትስክ ባሕር ውስጥ፣ በካምቻትካ የሚገኘውን የፔትሮፓቭሎቭስክ የሰርጓጅ ጣቢያ በቭላዲቮስቶክ ካለው የፓስፊክ ባሕር ኃይል መምሪያ ጋር የሚያገናኝ እንዲህ ያለ ገመድ ነበር። የአሜሪካ ባሕር ኃይል የባሕር ሥር ስለላ ኃላፊ ካፒቴን ጄምስ ብራድሊ ገመዱን የሚያገኙበትን ዘዴ ያፈለቁት ከልጅነት ትዝታቸው ነው ይባላል፤ በሚሲሲፒ ወንዝ ዳር ከታች ገመድ ስላለ መልሕቅ እንዳይጣል የሚያስጠነቅቁ ሰሌዳዎች አይተው ነበርና ሩሲያውያኑም እንዲህ ያለ ሰሌዳ ሳይተክሉ አይቀሩም ብለው ገመቱ። ግምታቸው ያዘ። በ1971 ሃሊበት የተባለው ሰርጓጅ በዳርቻው ተጠግቶ በፔሪስኮፑ ሰሌዳውን አገኘ። ጠላቂዎች 120 ሜትር ገደማ ጥልቀት ላይ ከመርከቡ ወጡ፤ ሂሊየም የተቀላቀለበት አየር እየሳቡ፣ ሙቅ ውኃ በሚዘዋወርበት ልብስ ውስጥ ሆነው፣ ገመዱን ሳይቆርጡና ሳይልጡ የጠለፋ መሣሪያ አሰሩበት። መሣሪያው በገመዱ ውስጥ የሚያልፈው ኤሌክትሪክ በውጭ የሚፈጥረውን መግነጢሳዊ መስክ አንብቦ በቴፕ ይቀዳል፤ ሶቪየቶቹ ገመዱን ለጥገና ቢያነሡት ተንሸራትቶ እንዲወድቅ ታስቦ ተሠርቷል። ሰርጓጁ በየጊዜው እየተመለሰ የሞላውን ቴፕ አንሥቶ በባዶ ይተካ ነበር። ከሚቀዳው ንግግር ብዙው በምስጢር ኮድ እንኳ አልተለወጠም ነበር፤ ባሕሩ የራሳቸው ስለሆነ ማንም አይደርስበትም ብለው ተማምነው ነበርና።

አይቪ ቤልስ የተባለው ይህ ሥራ ወደ አሥር ዓመት ሲዘልቅ የሶቪየት ማዳመጫም የጥበቃ መርከብም አልደረሰበትም። የደረሱበት በጃንዋሪ 1980 ሮናልድ ፔልተን የተባለ፣ ከአሜሪካ ብሔራዊ የደህንነት ኤጀንሲ ሥራውን የለቀቀና ከስሮ ዕዳ ውስጥ የተዘፈቀ ሰው ዋሽንግተን ወደሚገኘው የሶቪየት ኤምባሲ በእግሩ ሲገባ ነው። ሰነድ አልያዘም፤ የሸጠው በጭንቅላቱ የያዘውን ነው። በድምሩ የተከፈለው 35,000 ዶላር ገደማ፣ ያኔ ለአንድ ተራ የአሜሪካ መኖሪያ ቤት እንኳ የማይበቃ ገንዘብ ነበር። በ1981 የሶቪየት መርከቦች በቀጥታ ወደ ቦታው ሄደው መሣሪያውን አወጡት፤ ኋላም ሞስኮ ውስጥ በሙዚየም ለእይታ ቀርቧል። ፔልተን የተያዘውም በሶናር ሳይሆን በሌላ ሰው አፍ ነው፤ በ1985 ወደ አሜሪካ የከዳው የኬጂቢ መኮንን ቪታሊ ዩርቼንኮ ጠቆመው፤ በ1986 ዕድሜ ልክ ተፈረደበት። ታሪኩን ከላይ እስከ ታች ቢያነቡት መርከቡም ጠላቂዎቹም ሥራቸውን አላበላሹም።

የባሰው ግን የጆን ዎከር ነው። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እንዲሉ፣ ሶቪየቶች በ1960ዎቹ መርከቦቻቸው ምን ያህል እንደሚጮኹና ከምን ያህል ርቀት እንደሚሰሙ በቅጡ አያውቁም ነበር። ፍጥነት፣ ጥልቀትና የጦር መሣሪያ ብዛት ነበር የሚያስጨንቃቸው። በኖርፎክ በአትላንቲክ ሰርጓጅ ጦር መምሪያ የመልእክት ክፍል ይሠራ የነበረው ዎከር በ1967 መገባደጃ ወደዚያው ኤምባሲ ገብቶ የምስጢር መልእክት መክፈቻ ቁልፎችን መሸጥ ጀመረ፤ በኋላ ወንድሙን፣ ልጁንና አንድ ጓደኛውን ጨምሮ እስከ 1985 ቀጠለ። በጃንዋሪ 1968 ሰሜን ኮሪያ ፑብሎ የተባለውን የአሜሪካ የስለላ መርከብ ከነምስጢር መጻፊያ መሣሪያዎቹ ማርካ ስለነበር ቁልፉ መቆለፊያውን አገኘ። ሞስኮ የአሜሪካኖቹን መልእክት ስታነብ የራሷ መርከቦች የት እንዳሉ ባላንጣው አንድ በአንድ እንደሚያውቅ አየች። ከዚያ በኋላ የመጡት የቪክተር ሦስትና የአኩላ መደብ ሰርጓጆች ከቀዳሚዎቻቸው በብዙ የቀነሰ ድምፅ ነበራቸው። በ1987 ደግሞ ሌላ ጉድ ወጣ፦ የጃፓኑ ቶሺባ ማሽን ከ1982 እስከ 1984 የፕሮፔለር ምላጭ በረቀቀ ልክ የሚቀርጹ ግዙፍ ማሽኖችን፣ የኖርዌዩ ኮንግስበርግ ደግሞ የሚመራቸውን ኮምፒውተር፣ የንግድ ማዕቀቡን ጥሰው ለሶቪየት ሸጠዋል። የአሜሪካ ምክር ቤት አባላት በምክር ቤቱ ሣር ላይ ቆመው የቶሺባን ሬዲዮ በመዶሻ ሲቀጠቅጡ ፎቶ ተነሡ።

ለክርክሬ ከባዱ ፈተና የሚመጣው እዚህ ነው። የሶቪየት መሐንዲሶች ቀላል ሰዎች አልነበሩም፤ ከታይታኒየም ሰርጓጅ ሠርተው ያሳዩ ናቸው። የመጀመሪያው አኩላ ውኃ ውስጥ የወረደው በ1984፣ የጃፓኖቹ ማሽኖች ገና እየገቡ ሳለ ስለሆነ ንድፉ ቀድሞ አልቋል። ስለዚህ ከዎከርም ከቶሺባም ውጪ ዝምታው መምጣቱ አይቀርም ነበር ይባላል። የቶሺባን በተመለከተ ተቃውሞው ያሳምነኛል፤ በመዶሻ የተቀጠቀጠው ሬዲዮ ከምህንድስናው ይልቅ በወቅቱ ለነበረው የጃፓንና የአሜሪካ የንግድ ጥል ይቀርባል። ዎከርን በተመለከተ ግን አይሠራም። ምህንድስና ማንኛውንም ችግር ሊፈታ ይችላል፤ መጀመሪያ ግን ችግሩ የት እንዳለ ሊነገረው ይገባል። ሶቪየት ኅብረት ለፍጥነትና ለጥልቀት ታፈስ የነበረውን ገንዘብ ወደ ዝምታ እንድታዞር ያደረጋት የሰማችው ነገር ነው፤ የሰማችውም በራሷ ሃይድሮፎን አልነበረም።

ሁለተኛው ተቃውሞ ወደፊት ያያል። ሳተላይቶች የውኃውን ገጽ በራዳር እየፈተሹ የሰርጓጅ ዱካ ሊያገኙ ነው፤ ሰው አልባ ጀልባዎች በየባሕሩ ሊርመሰመሱ ነው፤ አርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ከጫጫታው ውስጥ ደካማዋን ምልክት ነቅሶ ሊያወጣ ነው፤ ስለዚህ ውቅያኖሱ በቅርቡ እንደ መስተዋት ጥርት ብሎ ይታያል፣ የሰውም ክዳት ጥያቄ ይዘነጋል ይላሉ። እኔ ይህ ተጋኗል ባይ ነኝ። የዓለም ውቅያኖስ ስፋቱ 361 ሚሊዮን ካሬ ኪሎ ሜትር፣ አማካይ ጥልቀቱ 3,700 ሜትር ገደማ ነው። የብረቱን መግነጢሳዊ መስክ የሚለካው መሣሪያ ርቀቱ እጥፍ በሆነ ቁጥር ምልክቱ ወደ አንድ ስምንተኛ ስለሚወርድበት ከላይ ቀርቦ ማለፍ አለበት። በጥልቀት በዝግታ የሚሄድ መርከብ በገጹ ላይ የሚተወው ዱካ ንፋስ ካስነሣው ሞገድ ጋር ይቀላቀላል። ኮምፒውተሩ ቢፈጥንም፣ በሚሊዮን በሚቆጠሩ የባሕር ክፍሎች ላይ እጅግ ጥቂት የሐሰት ማንቂያ እንኳ ቢያወጣ አሳዳጁ ቀኑን ሙሉ ዓሣ ነባሪ ሲያባርር ይውላል። በተለየ መንገድ በቁም ነገር የምወስደው ዝቅተኛ ድግግሞሽ ያለው ተኳሽ ሶናር ነው፤ ድምፁን ራሱ አሰምቶ ማስተጋባቱን ስለሚጠብቅ የሰርጓጁ ዝምታ ብቻውን አያድነውም። ይህም ቢሆን የሚከብደው በጠባብ መተላለፊያና ጥልቀት በሌለው ባሕር ለሚሰልለው ነው፤ በሰፊው ውቅያኖስ ለሚሰወረው ባለ ሚሳኤል መርከብ ጊዜው ገና ነው። ሁለቱን ሙያዎች ሳይለዩ "ሰርጓጅ አበቃለት" የሚሉት ትንበያዎች የሚሳሳቱት በዚህ ነው።

ኒውክሌሩ ከሁሉም ጸጥተኛ አይደለም የሚለው ሦስተኛው ተቃውሞ እውነት ስለሆነ ብዙ አያከራክርም። የስዊድኑ ጎትላንድ፣ ያለ ውጭ አየር በሚሠራ የስተርሊንግ ሞተሩ እየታገዘ፣ አሜሪካ ለልምምድ በተከራየችው ጊዜ፣ በ2005፣ ሮናልድ ሬገን የተባለውን የአሜሪካ የአውሮፕላን ተሸካሚ መርከብ የጥበቃ ቀለበት ሰብሮ በልምምዱ "አስጥሞታል"። ነገር ግን ጎትላንድ እንዲህ የሚደበቀው በዝግታና ለሳምንታት ብቻ ነው። ከሳን ዲዬጎ ኦሆትስክ ደርሶ፣ ወራት ቆይቶ፣ ሳይታይ የሚመለሰው የኒውክሌሩ ነው።

ስለላውስ ዛሬ የት ደርሷል? የስልክ ገመዱ በመስታወት ክር ተተክቷል። በመስታወት ክር ውስጥ የሚያልፈው ብርሃን እንጂ ኤሌክትሪክ ስላልሆነ የሃሊበት ዘዴ አይሠራበትም፤ ከዓለም አቀፉ የመረጃ ልውውጥ ከ95 በመቶ በላይ የሚጓዘው ደግሞ በነዚህ ገመዶች ነው። በ2005 አገልግሎት የጀመረው የአሜሪካው ጂሚ ካርተር መሃሉ ላይ 30 ሜትር ገደማ ተጨምሮለት ጠላቂዎችንና የባሕር ሥር መሣሪያዎችን እንዲያስወጣ ሆኖ ተሠርቷል፤ ሩሲያም ለጥልቅ ባሕር ሥራ ብቻ የተቋቋመ ራሱን የቻለ መምሪያ አላት፤ በጁላይ 2019 ሎሻሪክ በሚባለው አነስተኛ የኒውክሌር ሰርጓጁ ላይ በተነሣ እሳት 14 መኮንኖች ሞተዋል። ይሁን እንጂ በ2013 ኤድዋርድ ስኖውደን ያወጣቸው ሰነዶች ያሳዩት የብሪታኒያው የስለላ ድርጅት የመስታወት ገመዶቹን በብዛት የሚጠልፈው የብስ ላይ በሚወጡበት አካባቢ መሆኑን ነው፤ ይህም ራሱ የታወቀው የኮንትራት ሠራተኛ የነበረው ስኖውደን ፋይሎቹን ይዞ ስለወጣ ነው። የገመዱ ነገር ለእኛም ሩቅ አይደለም። የኢትዮጵያ ኢንተርኔት ወደ ዓለም የሚወጣበት ዋናው በር ጅቡቲ ነው፤ በ2024 መጀመሪያ በባብኤልመንደብ አካባቢ በአንድ ጊዜ ሦስት ገመዶች ሲበጠሱ ግን ጥፋተኛ ተብሎ የተጠረጠረው ሰርጓጅ ሳይሆን ሁቲዎች የመቱትና መልሕቁን እየጎተተ የተንሳፈፈው ሩቢማር የተባለ የጭነት መርከብ ነው። በዚያው የባሕር መንገድ መደበቅ ራሱ አንዳንዴ ሆን ተብሎ ይጣላል፤ በኖቬምበር 2023 የአሜሪካ ማዕከላዊ ዕዝ አንድ የኦሃዮ መደብ ሰርጓጅ በስዊዝ ቦይ ላይ ባለው ድልድይ ሥር ሲያልፍ የሚያሳይ ፎቶ ራሱ ለቀቀ፤ ማየት የነበረባቸው እንዲያዩት።

የባሕር ሥር ስለላ ሰላም ያስጠብቃል የሚሉም አሉ። ባላንጣውን በደንብ የሚያውቅ አይደነግጥም፤ አሜሪካ የሶቪየት ሚሳኤል ተሸካሚዎች ለጥቃት ወደ አትላንቲክ ከመውጣት ይልቅ በገዛ ባሕራቸው ተጠብቀው እንደሚቆዩ ያወቀችው በዚህ መንገድ ነው ይላሉ። ግማሹን እቀበላለሁ። ይሁንና ዋሽንግተን ይህን ካወቀች በኋላ የተከተለችው የ1980ዎቹ የባሕር ስትራቴጂ ወደዚያው ምሽግ ዘልቆ ማሳደድን ያቀደ ነበር፤ ዕውቀቱ ያመጣው እርጋታን ብቻ አልነበረም። አደጋውም በወረቀት ላይ የቀረ አይደለም። በፌብሩዋሪ 1992፣ ሶቪየት ኅብረት በፈረሰች በሁለተኛው ወር፣ የአሜሪካው ባተን ሩዥ በሙርማንስክ አቅራቢያ ከአንድ የሩሲያ ሰርጓጅ ጋር ተጋጨ። በማርች 1993 ደግሞ ግሬይሊንግ የተባለው በባሬንትስ ባሕር የኒውክሌር ሚሳኤል ተሸካሚ የሩሲያ ሰርጓጅ ገጨ፤ ፕሬዚዳንት ክሊንተን በቀጣዩ ወር ቫንኩቨር ላይ ከየልሲን ጋር ሲገናኙ በጉዳዩ መጸጸታቸውን መግለጽ ነበረባቸው። ሁለቱም ጊዜ ቀዝቃዛው ጦርነት አልቋል ተብሎ ነበር።

ወደ የብሱ እንመለስ። በ2007 አንድ የኦሃዮ መደብ ሰርጓጅ በዋሽንግተን ግዛት መድረቂያ ገብቶ ሳለ፣ ሁልጊዜ በሸራ የሚሸፈነው ፕሮፔለሩ ተገልጦ ከአየር የተነሣ ፎቶ ማንም ሰው ኢንተርኔት ከፍቶ በሚያየው ካርታ ላይ ተገኘ። በ2021 ደግሞ ጆናታን ቶቢ የተባለ የአሜሪካ ባሕር ኃይል የኒውክሌር መሐንዲስ ስለ ቨርጂኒያ መደብ ሰርጓጆች ሪአክተር የያዘ ሚሞሪ ካርድ በለውዝ ቅቤ ሳንዱዊች ውስጥ ደብቆ፣ ሚስቱ አካባቢውን እየቃኘች፣ ዌስት ቨርጂኒያ ውስጥ አስቀመጠ፤ ከወራት በኋላም ተያዘ። ገዢ መስሎት ያነጋግረው የነበረው የኤፍቢአይ ሰው ነው። በ2022 ሁለቱም ጥፋታቸውን አመኑ። የካርዱ ስፋት ከፖስታ ቴምብር ብዙ አይበልጥም፤ በውስጡ የነበረው ግን በአሥርት ዓመታት የተገነባ የዝምታ ዕውቀት ነው።

ስለዚህ በሴፕቴምበር 2021 አሜሪካና ብሪታኒያ ይህን ዕውቀት ለአውስትራሊያ ለማካፈል የገቡትን ስምምነት ስመለከት ጥያቄዬ የቻይና ሶናር ይሰማቸዋል አይሰማቸውም የሚለው አይደለም። አውስትራሊያ ከፈረንሳይ ጋር የነበራትን የናፍጣ ሰርጓጆች ውል ያፈረሰችው ርቆ የሚሄድና ሳይታይ የሚቆይ መርከብ ፈልጋ ነው፤ ምክንያቷ ከላይ ባየነው ሚዛን ትክክል ነው። ነገር ግን እስካሁን በሁለት አገር ይጠበቅ የነበረው ንድፍ በሦስት አገር ፋብሪካዎች፣ ንዑስ ተቋራጮችና የሥልጠና ቦታዎች በብዙ ሺህ ሠራተኞች እጅ ሊያልፍ ነው። ስምምነቱ ከሶናሩ ይልቅ በሠራተኛ ምርመራና በቢሮ ጥበቃ ላይ እንደሚፈተን አልጠራጠርም፤ ጊዜውም አጭር አይደለም። አድሌድ አጠገብ በምትገኘው ኦስቦርን የሚሠራው የመጀመሪያው የአውስትራሊያ ሰርጓጅ ይደርሳል ተብሎ የታቀደው በ2040ዎቹ መጀመሪያ ነው።